ካፒቴን ትሪ

ፉሪ የሚያውቁኝ ሰዎች አብራሪ ሳልሆን የቀረሁት ቁመቴ አልበቃ ብሎ ይመስላቸዋል። እንዲመስላቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለትዳር ለታሰበችልኝ ልጅ አጎት ሳይቀር «በሁለት ሴንቲሜትር ነው የወደቅኩት» ብያለሁ። ሁለት ያልኩት አስቤበት ነው። አንድ ቢባል ያስቃል፣ አምስት ቢባል ደግሞ «ድሮስ ለምን ሞከርክ?» ያስብላል። እውነቱ ግን አመልክቼ አላውቅም። በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ እንዳለ የሰማሁ ቀን ማመልከቻዬን አጥፌ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ቁመቴን የለካኝ ሰው የለም። የፈራሁት አፌን ነው።

ከዚህ የጀመርኩት ቀላሉ እሱ ስለሆነ ነው።

ቤታችን ፉሪ ነው፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶው በኩል። (ፉሪ ዛሬ ሁለት ከተማ የሚካፈለው ስም ነው፤ ትንሽ አለፍ ካልክ ሸገር ከተማ ውስጥ ነህ።) ከቦሌ በስተደቡብ ምዕራብ ስለሆንን፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ለማረፍ የሚመጡት አውሮፕላኖች በእኛ ወገን አድርገው ነው የሚገቡት። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ያርፋል። የቦሌ መንደርደሪያዎች በኮምፓስ 70 ዲግሪ ገደማ ስለሚያመለክቱ 07 ይባላሉ፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሲገባባቸው ደግሞ 25። ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው እማዬ ያሰጣችው አንሶላ ወደ ምዕራብ ሲውለበለብ አውሮፕላኖቹ በለቡ አናት፣ ጎማቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው እንደሚመጡ ነበር። ጓደኞቼ ኳስ ሲያዩ እኔ አንሶላ አያለሁ።

ጎልምሼ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር አሮጌ ኮምፒዩተር ገዛሁና የማይክሮሶፍቱን ሲሙሌተር ጫንኩበት፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣውን። በዚያኛው ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋር መነጋገር ማለት ቁጥር መጫን ነው። አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ትከፈታለች፤ ለመነሣት ፈቃድ ለመጠየቅ 1 ቁጥርን፣ ሐሳብህን ለመቀየር 2 ቁጥርን ትጫናለህ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አንተን ሆኖ፣ በተስተካከለ የፈረንጅ ድምፅ፣ ይናገርልሃል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ዓመታት በተውሶ አፍ በረርኩ።

ኋላ አንድ ወዳጄ በድምፅ የሚሠራ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ። ማዳመጫና ማይክሮፎን ታደርጋለህ፣ ጆይስቲኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ትናገራለህ፣ ትለቃለህ፣ ተቆጣጣሪው ይመልስልሃል። «የድምፅ ትእዛዝ» ይሉታል። ስሙ እኔ የማዝ አስመስሎኝ ነበር። ውስጡ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ በዚያች ሰዓት ከአንተ ሊሰማ የሚጠብቃቸው ዓረፍተ ነገሮች ዝርዝር አለው። ድምፅህን ይቆራርጥና ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ይህን ሳይል አይቀርም ብሎ ይገምታል፤ ለግምቱም ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከተወሰነው ልክ በታች ከሆነ «ሴይ አጌን» ይልሃል፣ ድገም ማለቱ ነው። ጆሮው የሰለጠነው ደግሞ በሌላ ሰው አፍ ነው። ቋንቋ ምረጥ ሲለኝ የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ የብሪታንያ እንግሊዝኛ፣ የአውስትራሊያ፣ የካናዳ፣ የሕንድ ሳይቀር ተደርድሯል። እኛ የለንም። አሜሪካን መረጥኩ።

የመጀመሪያው ማታ ከቦሌ ማቆሚያ ንቅንቅ ሳልል ነጋብኝ ማለት ይቻላል። «እስታንድ ባይ» እላለሁ፤ ያቺ ፊት ላይ የምጨምራት «እ» ታበላሸዋለች። «ፑሽባክ» ስል «ፑ» ከአፌ የምትወጣው እንደ «ጱ» ፈንድታ ነው። «ቪክተር» ስል «ቢክተር» ይሆናል። ሴይ አጌን። ሴይ አጌን። ሰው ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው ላይ ይሰለቸው ነበር፤ ማሽን ግን አይሰለችም፤ ሰባተኛውንም እንደ መጀመሪያው በትሕትና ነው የሚልህ። ከስድብ የከፋ ትሕትና አለ።

ፕሮግራሙ ድምፅህን እንዲለምድ ጮክ ብለህ የምታነባቸው ገጾች ነበሩት። ማሽኑ ነበር እኔን መልመድ ያለበት፤ የለመድኩት ግን እኔ ነኝ። ሦስት ወር፣ ማታ ማታ፣ በሩን ዘግቼ፣ አፌን እንደ ጎማ እየሳብኩ አነበብኩ። እማዬ በግድግዳው ማዶ ሆና «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትለኛለች። «ሥራ ነው» እላታለሁ። እሷም ለጎረቤት «ልጄ ማታ ማታ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ይሠራል» ብላ አወራች። ሰምቼ አላረምኳትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን አፍ ይዤው ደጅ ወጣሁ። ባንክ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ «ኦኬይ» ስል ምላሴን አጠፋት ጀመር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲነቀንቅ እኔ በልቤ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ፤ ከልክ በታች፣ ሴይ አጌን። የማሽኑን ጆሮ ተውሼ ነበር።

ያ አፍ የማይሠራበት ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው። ከጀርመን አደባባይ በሐና ማርያም አድርጎ ወደ ፉሪ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ የሬዲዮ ሕግን የሚያህል ሕግ አለ፤ እስከ ዛሬ ማንም የጻፈው ግን አይመስለኝም። መውረድ የፈለገ ሰው «እባክህ ወንድሜ፣ እዚያ ቢጫው ሱቅ አጠገብ ብታወርደኝ» አይልም። «ወራጅ አለ» ነው የሚለው። ረዳቱ «ወራጅ!» ብሎ ይደግመዋል፤ ሾፌሩ የተደገመውን ሰምቶ ዳር ይይዛል። የጎንደሩም፣ የወላይታውም፣ የጉራጌውም ሰው በየራሱ ዜማ ይለዋል፤ አንድም ሰው ግን «ድገም» ተብሎ አያውቅም። ይህን ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ አንድም ቀን ከሲሙሌተሩ ጋር አላገናኘሁትም።

ቫትሲም የሚባል ነገርም አለ። ከ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የኖረ የበጎ ፈቃደኞች መረብ ነው፤ እዚያ ተቆጣጣሪው ማሽን ሳይሆን እንደ አንተው በየቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው። አንድ ሌሊት ገብቼ ሁለት ሰዓት አዳመጥኩ። ጣሊያኑ በጣሊያንኛ ዜማ፣ ብራዚላዊው በራሱ ዜማ ይናገራል፤ የሚስቅ የለም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረች። አልተጫንኩትም። በጽሑፍ ብቻ መሳተፍ እንደሚቻል አየሁና ያችንም ሳልሞክራት ዘጋሁት። ለወዳጄ «የእኛ ኢንተርኔት አይችለውም» አልኩት። ኢንተርኔቱስ ችሎ ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

ግቢያችን ውስጥ ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ልጅ ነው። ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የሚመጣው በር ላይ ቆሞ ለማየት ነበር፤ ከዚያ ዱካ ይዞ መጣ። አንዴ ያሳየሁትን ሁለተኛ አይጠይቅም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ እንደሚሳሳ፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም መንደርደር እንደሚያስፈልገው ነግሬው፣ በማግሥቱ «ጋሼ፣ እና ጅቡቲ ቢሆን በአጭሩ ይነሣል ማለት ነው?» አለኝ። ደብተሩ ጀርባ ላይ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊን በአማርኛ ፊደል ጽፎ በቃሉ ይዞታል። እናቱ «ጋሼ ካላስቸገረዎት» ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልክልኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሌሎች ሦስት የግቢው ልጆች ተከትለውት መጡ። እኔም ለማሳየት ፈለግሁ፤ እሱን ይሁን ራሴን፣ አላውቅም። ማዳመጫውን አጠለቅሁለት፣ ራሱ ላይ ሰፍቶት በእጁ ያዘው። ከቦሌ ተነሥተን ነበር፤ ተቆጣጣሪው 13 ሺህ ጫማ ድረስ ውጣ አለ። የታዘዘውን ደግሞ መናገር የአብራሪው ግዴታ ነው። ልጁ ቁልፉን ተጭኖ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ዋን ትሪ ታውዘንድ» አለ።

«ሴይ አጌን» አለ ማሽኑ።

«ዋን ትሪ ታውዘንድ።»

«ሴይ አጌን።»

ያን ጊዜ ነው እኔ «ምን ያለው ትሪ ነው? አውሮፕላን ነው የምታበረው ቡና ነው የምታቀርበው?» ያልኩት። ልጆቹ ፈነዱ። ሳቃቸው አሞቀኝና አላቆምኩም። አገጩን ያዝኩ። «ምላስህን በጥርስህ መሀል አውጣ፣ ስሪ፣ ስሪ በል» አልኩት። ሞከረ፤ ምራቅ ወጣ፤ እንደገና ሳቁ። ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ የሰው ዕቃ እንደሚቀመጥ፣ ቀስ ብሎ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎኝ ወጣ።

ሁለተኛ አልመጣም። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ «ካፒቴን ትሪ» ሲሉት ሰማሁ። በወሩ ካፒቴኑ ቀርቶ ትሪ ብቻ ሆነ። እናቱ «ጋሼ፣ ምነው ልጄ አስቀየመዎት?» ስትለኝ «ኧረ የለም፣ ትምህርቱ በዝቶበት ይሆናል» አልኳት። ለዓመት በዓል ሸሚዝ ገዛሁለት፤ ሸሚዝ ይበቃል ብዬ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር፣ በጨረፍታ። «በአንድ ልጅ ቀልጄ አዝኖብኛል» አልኳቸው። «ክፉ ቀልድ ነው?» አሉኝ። «የልጅ ጨዋታ ነው አባ» አልኳቸው። ኑዛዜ ላይ መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አምና ክረምት መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ከስልኬ በቀር የሚበራ ነገር ስላልነበረ ስለ ሬዲዮ አነጋገር ያስቀመጥኳቸውን ጽሑፎች ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቁጥሮች በሬዲዮ እንዴት እንደሚጠሩ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። ስንት ዓመት ከአጠገቡ አልፌያለሁ፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ አላየሁትም። ዘጠኝ «ናይነር» ነው፣ ይህን የማያውቅ የለም። አምስት «ፋይፍ» ነው። ነጥብ «ደይ-ሲ-ማል» ነው። ሺህ «ታውዘንድ» ነው፣ በ«ታ»፤ ምላስ የሚወጣበት ነገር የለም። ሦስት ደግሞ «ትሪ» ነው።

እንደገና አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ዛፍ ተብሎ የሚጻፈው ያው ቃል ነው የተጻፈው። ትሪ።

ልጁ ልክ ነበር። ሳያውቅ ልክ ነበር፤ አፉ የተፈጠረው ሰንጠረዡ በሚፈልገው ልክ ነበር። ያቺ በጥርስ መሀል ምላስ የሚያስወጣ ድምፅ የብዙ ሕዝብ አፍ ስለማይገራላት ሕጉ ራሱ ትቷታል። እንግሊዛዊው አብራሪ ነው አፉን አጥፎ እንደ እኛ ይበል የተባለው። ፊደሎቹም ቢሆኑ፣ አልፋና ብራቮ፣ በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሥራ ላይ የዋሉት በ31 አገር ሰዎች አፍና ጆሮ ከተፈተኑ በኋላ ነው። ድርጅቱ በተወጠነበት በ1944ቱ የቺካጎ ጉባኤ ላይም ኢትዮጵያ ነበረች፤ ስምምነቱን ከፈረሙት አንዷ ናት። ቤቱ ሲሠራ የነበርን ሰዎች ነን። እኔ ፉሪ ቁጭ ብዬ የቤቱን ልጅ ከደጃፉ መለስኩት።

ሌላም አለ። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙን ከፍቼ መቼቱን ፈተሽኩ። የአቪዬሽኑን የቁጥር አጠራር እንዲቀበል የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት አልተደረገባትም። ምልክት አደረግሁና በራሴ አፍ፣ በእማዬ ልጅ አፍ፣ «ዋን ትሪ ታውዘንድ» አልኩ። ተቆጣጣሪው ምንም ሳይል አሳለፈኝ።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ወደዚያች ቅዳሜ ይመልሰኛል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ተነሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦዎች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። የሆላንዱ አውሮፕላን ሠራተኞች ልንነሣ ነው ለማለት ያሉት ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ማማው «ኦኬይ» ብሎ ጀመረና ቆዩ የሚለው ቀሪው ቃል ከሌላኛው አውሮፕላን ድምፅ ጋር ተደራርቦ በፉጨት ተዋጠ። ዛሬ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥና ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ አይነሣም። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. ኒው ዮርክ አጠገብ የወደቀው የኮሎምቢያ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ነበር፤ «ኢመርጀንሲ» የምትለዋን ቃል ግን አልተናገረም፤ 73 ሰው አለቀ። በትሕትና ነገርን ማለዘብ እኛም ቤት ስላለ ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ሁለቱም ጋ የጎደለው ቃል ነው፤ ዜማ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚጠየቀው አራተኛ የቋንቋ ደረጃ እንኳ አነጋገርህ የአፍ መፍቻህ ቅላጼ ቢኖርበትም መግባባትን የሚያውከው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ በቂ ነው ይላል። ያጠፍኩት ማመልከቻ ትዝ አለኝ። ሁለቱ ሴንቲሜትርም።

ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ነገር ነው። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የነበረ 737 መውረድ መጀመር ያለበትን ቦታ አልፎ በ37 ሺህ ጫማ ላይ ቀጠለ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ተዘግቧል። ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። ኋላ አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ ጮኾ ቀሰቀሳቸውና በሰላም አረፉ። ሰው ሁሉ ስለ አብራሪዎቹ አወራ። እኔ የማስበው ያንን ማይክሮፎን ላይ ተቀምጦ የሚጠራውን ሰው ነው። መልስ ሲያጣ እንደገና ይጠራል። እንደገና። የእኔ ልጅ በአሥር ሜትር ርቀት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ኖሮ ነው እናቱ ቤት የቀየረችው። አንድ ጊዜ አልጠራሁትም።

በጥቅምት ፈልጌ ሄድኩ። አሁን 16 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት መልስ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች የሞባይል ጥገና ቤት ይሠራል። ባዶ እጄን መግባት ስላፈርኩ የማዳመጫዬን ገመድ ራሴ በመቀስ ቆርጬ ይዤ ገባሁ። (ይህንንም ጨምሩበት።)

«ጋሼ!» ብሎ ተነሣ። «እማማ ደኅና ናቸው?» ድምፁ ጎርንኗል። ማዳመጫውን ተቀብሎ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይል መበየጃውን አሞቀ። እጁ አይንቀጠቀጥም።

«ያኔ» አልኩት «ያቺ ቅዳሜ … ልክ ነበርክ። ሕጉ ላይ ያለው ራሱ ትሪ ነው። ታውዘንድም ልክ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።» ሰንጠረዡን ስልኬ ላይ ከፍቼ ዘረጋሁለት። ስንት ቀን የተለማመድኩትን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ዝቅ ብሎ አየው። «እንዴ» አለ። ትንሽ ፈገግ አለ፤ የደስታ ይሁን የሌላ አልገባኝም። «አሁን እንኳ ጋሼ፣ እሱን ነገር ትቼዋለሁ።» ጭሱን በእፍታ ገለል አድርጎ ገመዱን አገናኘና «ሞክሩት» ብሎ ሰጠኝ። እንዲህ በአንቱታ አናግሮኝ አያውቅም ነበር።

ስንት ነው ስለው «ተዉት» አለኝ።

ከውጭ አንድ ወያላ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሳቅ ሳይሆን ሰው በስሙ እንደሚጠራ ሁሉ «ትሪ! ትሪ፣ ቻርጀሯ ደረሰች?» ብሎ ጮኸ።

«አቤት!» አለና ወጣ።